ቱቦው ብቻ አይደለም የተደፈነው!

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሰላም ብዙ ተጽፏል። ገናም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቱቦ ልጽፍ ነው። አዎን፣ ስለ ማዕድ ቤት ቱቦ፣ ስለ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ፣ ስለ ማንሆል። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ የሚጽፈው ቢያጣ ቆሻሻ ውስጥ ገባ!» የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እኔ ቆሻሻው ውስጥ የገባሁት ፈልጌ አይደለም፤ እሱ ራሱ እቤቴ ድረስ መጥቶብኝ ነው። ቱቦ ሲደፈን ደግሞ ፓርቲ አይለይም። ገዢውን የሚደግፈውም፣ ተቃዋሚውን የሚደግፈውም፣ «እኔ ፖለቲካ አልወድም» የሚለውም እኩል አፍንጫውን ይይዛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

እኔ የምኖረው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ከእኔ ማዕድ ቤት በላይ አራት ማዕድ ቤቶች አሉ። አምስታችንም የምንጠቀመው ከላይ እስከ ታች በወረደ አንድ ቱቦ ነው። ቱቦው ከእኔ ወለል በታች ይታጠፍና ወደ ግቢው ማንሆል ይሄዳል። እጥፋቱ ላይ ሲደፈን ከላይ የወረደው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ደግሞ የእኔ ሲንክ ነው! አራተኛ ፎቅ ሩዝ ሲቀቀል፣ ሦስተኛ ፎቅ ምስር ሲታጠብ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። የጎረቤቶቼን ጾምና ፍስክ የምከታተለው በሲንኬ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ቀን ከላይ የሚኖሩትን እናት «ኧረ እትዬ፣ እባክዎ ዘይቱን ሲንክ ውስጥ ባይደፉት» አልኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቡና ሲያፈሉ እየጠሩ የሚያጠጡኝ ደግ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ እኛ ጋ እኮ ምንም የለም፣ ሸጋ አድርጎ ነው የሚወርደው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጋ ሸጋ አድርጎ ይወርዳል። የሚቆመው እኔ ጋ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይቺን አነጋገር ያዝልኝ። ከላይ ላለ ሰው ቱቦ ሁሉ ይሠራል። የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

ብሶ ደግሞ ሌላው ጎረቤት ምን አለ መሰላችሁ? «ግራውንድ ያላችሁት ናችሁ የደፈናችሁት፤ የተዘጋው እናንተ ጋ ነዋ!» ጅቡ ከወንዙ ላይኛው በኩል ቆሞ፣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» አላት ይባላል። አህያይቱም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ነው ያለችው። ውኃ ከታች ወደ ላይ እንደማይሄድ አህያም ታውቃለች።

ለመሆኑ ቱቦ በምን ይደፈናል?

ቱቦ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ አይደፈንም። ወራት ወስዶ ነው የሚደፈነው። የመጀመሪያው ጥፋተኛ ዘይትና ስብ ነው። መንግሥት በድጎማ ሲያከፋፍለው የኖረውን የሚረጋውን ዘይት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቶ አልወጣ እያለ ፀሐይ ላይ አስቀምጠን አቅልጠነዋል። ታዲያ ጀሪካን ውስጥ የሚረጋ ዘይት ቱቦ ውስጥ የማይረጋው ለምንድን ነው? ሲደፋ ትኩስ ነው፣ ይፈሳል። ሁለት ሜትር ወርዶ ከቀዝቃዛው ቱቦ ጋር ሲገናኝ ግን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በላዩ ላይ የበዓል ሞራው፣ የቅቤው ንጥር፣ የወጥ ድስቱ እጣቢ ይደረብበታል። የሳሙናው ዝቃጭም ከውኃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ያጠናክረዋል። በዚያ ሙጫ ላይ የቡና አተላ፣ ሩዝ፣ ፍትፍት፣ የሽሮ ድቃቂ ሲያርፍ ግድግዳ ተሠራ ማለት ነው። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ያው ፀጉር አለ። አንዱ ፀጉር ሌላውን ይይዛል፣ ሳሙናው ሁሉንም ያያይዛል።

የማዕድ ቤት ቱቦ ብዙ ጊዜ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን በ12 ሚሊ ሜትር ስብ ቢለበጥ የሚተርፈው አፍ ግማሽ ይመስላል። ግን ልብ በሉ፤ የክቡ ወርድ በግማሽ ሲቀንስ ውኃ የሚያልፍበት ቦታ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው ለወራት «ትንሽ ዘገየ» ሲባል የነበረው ሲንክ በአንድ የበዓል ዋዜማ ድንገት ጭራሹን ቀጥ የሚለው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ይሏችኋል ይሄ ነው። እዚህ ላይ ግን ወሰደ ሳይሆን አልወስድም አለ!

ሁለተኛው ጥፋተኛ ሲሚንቶ ነው። የ20/80 ቤቶች ስንቱ ሥራ ሳይጠናቀቅ ቁልፍ እንደተሰጠባቸው የወሰደ ያውቀዋል። ሰው ቁልፉን ተቀብሎ በየራሱ ሠራተኛ ሴራሚክ ሲያስነጥፍ፣ ግድግዳ ሲያስለስን የሞርታሩ እጣቢ የት ተደፋ? መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ባለው ቀዳዳ ነዋ! ሲሚንቶ ውኃ ውስጥም ይጠነክራል። ያ ዛሬም እዚያው አለ። ሶዳ አያሟሟውም።

ሦስተኛው ጥፋተኛ ግን ውኃ ራሱ ነው፤ በትክክል ለመናገር የውኃ መጥፋት። የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራው በስበት ነው። በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዘቅዝቆ ይዘረጋና ውኃው ደረቁን ነገር እየገፋ ይዞት ይሄዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ሰው በጆግ እየቆጠበ ነው የሚያጥበው። በጆግ የወረደች ውኃ ራሷ ታልፋለች እንጂ የምትገፋው ነገር የለም። ቆሻሻው ባለበት ቁጭ ብሎ ይደርቃል። ከዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውኃ መጣ ይባላል። ሕንጻው በሙሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ልብስ ያጥባል፣ በርሜል ይሞላል፣ ወለል ይወለውላል። የደረቀው ቱቦ በአንዴ ይጥለቀለቃል። ይሄ የባለቤቷ ጥፋት ነው? የልጆቹ ጥፋት ነው?

ገበያው ያመጣልን መድኃኒት

ቱቦ ሲዘጋብን ምን እናደርጋለን? ወደ ሱቅ! «ኮስቲክ ሶዳ አለ?» ባለሱቁ በፌስታል ጠቅልሎ ይሰጣል። ጽሑፍ የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው፣ ስኳር ይሁን ጨው አይለይ። ይሄ ነገር ግን ሳሙና የሚሠራበት ኃይለኛ ኬሚካል ነው። ውኃ ሲነካው ራሱን በራሱ ያፈላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። ሕፃን ልጅ ስኳር መስሎት ቢቀምሰው ጉሮሮውን አቃጥሎ ዕድሜ ልኩን ምግብ እንዳይወርድለት ያደርጋል። ፌስታል ውስጥ ያለ ነጭ ነገር፣ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ! እግዜር ነው የሚጠብቀን እንጂ እኛማ ምንም አላስቀረንም።

ሌላው ደግሞ አሲድ ይጨምራል። አሲዱ አልሠራ ሲለው በረኪና ያክልበታል። ወገኖቼ፣ ይቺን በቀይ ቀለም አስምሩልኝ፤ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዝ ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጁበት ጋዝ ነው። እኛ በር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ልጅ ጀርባችን ላይ አዝለን እንሠራዋለን! ሶዳ በተጨመረበት ቱቦ ላይ አሲድ መድፋትም እንዲሁ ነው፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

«ግን እኮ ሠርቶልኛል» የሚል አለ። አንዳንዴ ይሠራል። ሶዳው ስቡን ወደ ሳሙናነት ይለውጠውና ትንሽ ይለቀዋል። የተለቀቀው ግን የት ሄደ? ጥቂት ሜትር ወርዶ እንደገና ይረጋል። ማለትም ከእርስዎ ቤት ወደ እኔ ቤት ተዛወረ። የፕላስቲክ ቱቦውም ከዚያ ሙቀት የተነሣ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። የፈላ ውኃ ከብረት ድስት አውርዶ መድፋትም ለዚህ ዓይነቱ ቱቦ ጥሩ አይደለም። ትኩስ ውኃ ይበቃል፤ የሚፍለቀለቅ አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም። ነገር ግን ግራውንድ ቤት የሚኖር ሰው ሳይወድ በግዱ ይማራል። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ በሽታው የማን እንደሆነ እንለይ። የዘገየው አንድ ሲንክ ብቻ ከሆነ፣ ሻወሩም ሽንት ቤቱም ደህና ከሆኑ ችግሩ እዚያው ሲንኩ ሥር ነው። እኔ ውኃ ሳልከፍት ከላይ ሰው ሲጠቀም የእኔ ሲንክ ውስጥ ከሞላ ግን በሽታው የጋራው ቱቦ ነው። ሽንት ቤት ሲለቀቅ ሻወሩ ቀዳዳ ውስጥ ጉልጉል፣ ጉልጉል የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ወይ ዋናው መስመር ተጨናንቋል ወይ እስከ ጣራ የሚወጣው የአየር ቱቦ ተዘግቷል። የጋራውን በሽታ በግል ሶዳ ማከም ጎረቤትን መርዝ ማጠጣት ነው።

የራሳችን ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሲንኩ ሥር እንደ አንገት የታጠፈው ነገር ሲፎን ይባላል። የታጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውኃ ይቀመጥና የማንሆሉ ሽታና በረሮ ወደ ቤት እንዳይገባ በር ይዘጋል። (ለወር ተዘግቶ የከረመ ቤት የሚሸተው ይህ ውኃ ስለሚደርቅ ነው፤ አንድ ጆግ ውኃ ጨምሩበት፣ ሽታው ይጠፋል።) ከሲፎኑ ሥር ባልዲ አስቀምጡ፣ በእጅ ጠምዝዛችሁ ፍቱት፣ ውስጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፣ ጎማውን ሳትጥሉ መልሳችሁ ግጠሙ። አብዛኛው የማዕድ ቤት ችግር እዚሁ ያልቃል። ሳንቲም አያስወጣም።

ካልሆነ እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ አለ። ሲንኩ ውስጥ ጎማው እስኪሸፈን ውኃ ያዙ፣ ከላይ ያለችውን የትርፍ ውኃ መውጫ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ። ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነች ትንፋሹ በዚያ ይወጣና ድካም ብቻ ይሆናል። ከዚያ ቀጥ አድርጎ ሃያ ጊዜ ያህል ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ ሳብ። ለሻወር ፀጉር ደግሞ ጫፏ የተቆለመመች ሽቦ ከማንኛውም ኬሚካል ትበልጣለች። ከዚያ በላይ ሲሆን የቧንቧ ሠራተኛ ረጅሙን ተጠምዛዥ ሽቦ ይዞ ይምጣ። ሶዳ ቀድማችሁ ደፍታችሁ ከሆነ ግን ለሰውየው ንገሩት! ሽቦውን ሲስብ የሚረጨው እሱ ላይ ነው። እሱም ልጆች አሉት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመድፋት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። የመጥበሻው ዘይት ቀዝቅዞ በአሮጌ ጠርሙስ ይጠራቀም። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ። የቡና አተላ ለአበባ ማሰሮ ይሁን። ሲንኩ አፍ ላይ ወንፊት ይቀመጥ። እትዬ ይሄን ሁሉ ዛሬ ያደርጉታል። አንድ ቀን እኔ ቤት ድረስ ወርደው በዓይናቸው ካዩ በኋላ ማለት ነው። ሰው ካላየ አያምንም፤ ካየ ግን ያዝናል። የእኔ ጥያቄ ታዲያ፣ ወርደው የማያዩትስ?

«እኛን አይመለከትም»

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጋራው ቱቦ ሲደፈን ማን ነው ተጠሪው?

እኔ መልሱን ፍለጋ ዞሬአለሁ። አንደኛው ቢሮ «ማኅበራችሁን ጠይቁ» አለኝ። ማኅበሩ «ሕንጻው ሲሠራ ጀምሮ ቱቦው ጠባብ ነው፣ የሠራውን አካል ጠይቅ» አለኝ። የሠራው አካል ጋ ስሄድ «እኛ አስረክበናል፣ የፍሳሹን መሥሪያ ቤት ጠይቅ» ተባልኩ። እዚያ ደግሞ አንዲት ጨዋ ልጅ «አባቴ፣ የእኛ ከግቢ ውጪ ያለው መስመር ነው፤ የግቢው ውስጥ የናንተ ነው» አለችኝና ወደ መጀመሪያው ቢሮ መራችኝ። አራት ቢሮ፣ አንድ ክብ! ቱቦው እንኳ አንድ ቦታ ነው የተደፈነው።

ሕጉን ካየነው ነገሩ የዚህን ያህል የተድበሰበሰ አይደለም። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግልና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቶ አስቀምጧል። የጋራውን የማስተዳደርና የመጠገን ኃላፊነት ደግሞ ለባለቤቶቹ ማኅበር ሰጥቷል። ስለዚህ ሁላችንም የምንጠቀምበት ቁመት ቱቦ የአራተኛ ፎቅም፣ የግራውንድም ነው። «እኛ ጋ ይወርዳል፣ አላዋጣም» የሚል ጎረቤት ሕጉን አያውቅም ማለት ነው። ለጣራ ማፍሰስ ግራውንድ ያለው ያዋጣል፤ ለቱቦ መደፈን ላይ ያለው ማዋጣት አለበት። ይሄ ፍትሕ ነው፣ ልመና አይደለም።

ነገር ግን ሁሉንም በማኅበር ላይ ጭኖ ዞር ማለትም አያስኬድም። ማኅበሩ የተረከበው ምንድን ነው? ስንቱ ሰብሳቢ ቱቦው የት እንደሚታጠፍ፣ ማንሆሉ የት እንደተቀበረ የሚያሳይ ፕላን በእጁ አለው? እኛ ግቢ ማንሆል ፍለጋ አስፋልት ሥር ሳይቀር ተቆፍሯል። የተቀበረ ሀብት ፍለጋ ነበር የሚመስለው! መድኃኒት ሳይሰጡ በሽተኛ ማስረከብ «ማስረከብ» አይባልም።

በቀበሌ ቤት የሚኖረውማ ይህን ቅንጦት ይለዋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ስንትና ስንት አባወራ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት እየተጋራ አርጅቷል። ሲንክ የት አለና ይደፈን? የእቃ እጣቢው መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ይደፋል። ልጠግን ቢል «የመንግሥት ቤት ነው» ይባላል። መንግሥት ይጠግን ሲባል «በመልሶ ማልማት ይፈርሳል» ይባላል። ሳይፈርስም ሳይጠገንም ልጅ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ማን ነው?

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ማኅበሩ ገንዘብ ሲያጥረው፣ መጣጭ መኪናው ተራ አልደርስ ሲል ምን ይደረጋል? መንገድ ዳር የቆመ የቀን ሠራተኛ ይጠራል። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ እሱም ከተገኘ። ከዚያ ማንሆሉ ይከፈትና «ግባ» ይባላል።

እዚያ ውስጥ ምን አለ? ፍሳሽ ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሲጀምር የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ተንኮሉ ያለው ሲበዛ ነው፤ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዘዋል። ሰውየው «ሽታው ጠፋልኝ» ሲል የጠፋው ሽታው ሳይሆን አፍንጫው ነው። ከዚያ ጥቂት ትንፋሽ፣ ከዚያ መውደቅ። እሱን ላውጣ ብሎ ወንድሙ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ታፍነው የቀሩ ሰዎችን ዜና ስንት ጊዜ ሰማን? ሁለትና ሦስት ሆነው የሞቱትንስ? አብዛኛው ሁለተኛና ሦስተኛ ሟች ለማዳን የገባው ነው።

የእኛ የመጥበሻ ዘይት ለመጥረግ ሰው ይሞታል! ይህን ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ረስታችሁ አንዷን ብቻ ብታስታውሱ ይቺን አስታውሱ፤ በጓሯችሁ ማንሆል ውስጥ ያለ ጋዝ መለኪያ፣ ያለ አየር ማስገቢያ፣ ያለ ትክክለኛ ማንጠልጠያ ሰው አይግባ። «ራሱ እሺ ብሎ ነው» አይባልም። የራበው ሰው እሺታ እሺታ አይደለም። ከውጭ ሆኖ በሽቦም፣ በውኃ ግፊትም፣ በመጣጭ መኪናም ይጸዳል። ገንዘብ ያስወጣል፤ የሰው ነፍስ ግን ከዚያ ይበልጣል። ሰው የወደቀ እንደሆነም ተከትሎ መግባት የለም። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

የፈሰሰው ወዴት ሄደ?

አዲስ አበባ የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ካቋቋመች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በንጉሡ ዘመን በ1963 ዓ.ም. ነው የቆመው። ቃሊቲ ላይ የማጣሪያ ኩሬ ተሠራ። ቆይቶም በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ በዚያው ተገነባ። ተሠርቷል፤ የተሠራውን አልክድም። ነገር ግን ማጣሪያ ቃሊቲ ቢኖር ፍሳሹ ቃሊቲ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? የከተማው ትልቁ ክፍል ዛሬም በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው የሚኖረው። ከመስመሩ ያልተገናኘው፣ የተገናኘውም ቱቦው የፈነዳበት፣ ወደ ወንዝ ይለቀዋል። ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ባንትይቀጡም ይቀበሉና ለአቃቂ ይሰጣሉ፤ አቃቂ ለአዋሽ ይሰጣል።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውኃ አትክልት ይለማል። ጎመኑ፣ ሰላጣው ተጭኖ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። እኛ በሲንክ የደፋነው በሳህን ይመለስልናል ማለት ነው። ከላይ ያለው፣ «እኔ ጋ ይወርዳል» የሚለው ሰውዬ ሰላጣ አይበላም ይሆን?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ አበባው ተተክሏል። ከተማ ሲያምር የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ጥያቄዬ አንድ ነው። አስፋልቱ ከፊት ሲታጠብ፣ ከሕንጻው ጀርባ ያለውስ ማንሆል? ፎቶ የሚነሣው ፊት ለፊቱ ነው። ቱቦ ሪባን አይቆረጥለትም። የተደፈነ ቱቦ የከፈተ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን አይታይም። ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የሚኖረው በመብራቱ ሳይሆን በቱቦው ነው።

«የድሃ አገር ችግር ነው» እንዳይባልም። በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኋይትቻፔል በሚባለው ሰፈር ከመንገድ በታች 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን የስብ ቋጥኝ ተገኝቶ ነበር። ከዘይትና ከሽንት ቤት ከተጣለ መጥረጊያ የተጋገረ ነው። ሠራተኞች ሳምንታት ፈጅተው ነቀሉት። ስለዚህ ስብ ሀብታምና ድሃ አይልም። ልዩነቱ ሌላ ነው። እዚያ ቱቦው የማን እንደሆነ፣ ማን ማጽዳት እንዳለበት ይታወቅ ነበር። «ወደ ሌላ ቢሮ ሂዱ» አልተባለም።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። ለየማኅበሩ የሕንጻው የቱቦ ፕላን ይሰጥ። አዲስ ሕንጻ ከመረከቡ በፊት በየፎቁ ውኃ ለቆ፣ ማንሆል ከፍቶ አይቶ ይፈረም። ማጽዳት ሲደፈን ብቻ ሳይሆን ከክረምት በፊት በፕሮግራም ይሁን፤ የጣራ ውኃ ከፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘበት ሕንጻ ሐምሌ ሲገባ እንደሚያጥለቀልቅ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ኮስቲክ ሶዳ በፌስታል አይሸጥ። ማንሆል ውስጥ ሰው ለሚያስገባ ሁሉ ሕግ ይኑርና ይከበር። አንድ ስልክ ይኑር፤ የሚነሣ ስልክ!

እኛም ከራሳችን እንጀምር። ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ ሰባት ሰው ተገኝቶ ሲበተን ከርሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ አምስት ማዕድ ቤት ሆነን አንድ ቱቦ ማስከፈት አቃተን። የላይኛው የታችኛውን ወርዶ ይየው። የታችኛውም ዝም ብሎ በጆግ እየቀዳ አይድፋ፤ ይናገር። ያልተናገረ ሰው ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

ቱቦ ሐኪሙ ብዙ ነው፤ ሽቦም፣ ጎማም፣ ትኩስ ውኃም ይከፍተዋል። ለጆሮ ግን ሶዳ አይሠራም። እሱን የሚከፍተው የብዙ ሰው ድምፅ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።